የአምስት መቶዎቹ አደባባይ፦ ልጆችዎን ይዘው ሮም ቢሄዱ

ሮምን ለመጎብኘት የተነሣ ሰው በሐሳቡ ቀድሞ የሚመጣለት ኮሎሲየም፣ የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይና ሳንቲም የሚጣልበት የትሬቪ የውሃ ምንጭ ነው። ሦስቱንም ቢያዩ አይቆጭዎትም። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያዊ ከሆኑ፣ በተለይም ጥያቄ የማያልቅባቸው ልጆች ይዘው ከሆነ፣ ከእነዚህ ሁሉ በፊት ሊቆሙበት የሚገባ አደባባይ አለ። ብዙዎቻችን ሻንጣ እየጎተትን፣ ታክሲ እየፈለግን፣ ስሙን እንኳ ሳናነብ የምናልፈው ነው። ስሙ ፒያሳ ዴይ ቺንክዌቼንቶ፣ በእኛ ቋንቋ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ይባላል።

"ፒያሳ" የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባም ጎንደርም ፒያሳ አላቸው። እንግዳ የሚሆንብን "አምስት መቶዎቹ" የሚለው ነው። ቁጥሩን ተከትለው ከሄዱ የሚያደርስዎት ራስ አሉላ ዘንድ ነው።

ከዚህ በታች የምናቀርብልዎት የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ለብቻው "እ.ኤ.አ." ካልተባለ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከባቡር ጣቢያው ደጃፍ

አደባባዩ የሚገኘው ተርሚኒ በተባለው የሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። ጣቢያው ስሙን ያገኘው በአቅራቢያው ካለው የንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ጥንታዊ መታጠቢያ ቤት ነው። ይህ ንጉሥ በእኛ ስንክሳር ሰማዕታትን በማሳደዱ የምናውቀው ዲዮቅልጥያኖስ ነው። ፊትዎን ወደ አደባባዩ አዙረው ሲቆሙ አውቶቡሶች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ከጣቢያው ጎን ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ የከተማ ቅጥር ቁራጭ እንደ ዋዛ ቆሟል። ለልጆች ጥሩ መነሻ ነው፤ አሮጌና አዲስ ነገር ጎን ለጎን እንዲህ ሲኖር ያዩታል።

ከዚያ መንገዱን ተሻግረው ወደ ሪፑብሊካ አደባባይ አቅጣጫ ጥቂት ደቂቃ ይራመዱ። ዛፍ ባለበት ትንሽ የአትክልት ስፍራ ውስጥ አንድ ቀጭን ሐውልት ያገኛሉ። ጫፉ ላይ ያለው ድንጋይ የግብፅ ነው። የፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስ ሲሆን በጥንት ዘመን ወደ ሮም ተወስዶ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ተቀብሮ ከኖረ በኋላ በ1883 እ.ኤ.አ. በቁፋሮ የተገኘ ነው። ከሥሩ ያለው መሠረት ግን አዲስ ነው። በላዩም የጣሊያን ወታደሮች ስም ተጽፏል። እነዚህ ናቸው አምስት መቶዎቹ።

ደጋሊ ላይ የሆነው

በጥር 1879 ዓ.ም. ነበር። ጣሊያን ምጽዋን ከያዘች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ወታደሮቿን ወደ ደጋው እያስጠጋች ሰሐጢ የተባለውን ቦታ ያዘች። የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የጦር አዛዥ የነበሩት ራስ አሉላ አባ ነጋ ይህን ዝም ብለው አላዩም። ወደ ሰሐጢ ስንቅና ርዳታ ይዞ ይጓዝ የነበረውን፣ በኮሎኔል ቶማሶ ዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራውን ከ500 በላይ ሰው ያለበት ጦር ደጋሊ ላይ ከበው መቱት። ከ400 በላይ የሚሆኑት ጣሊያኖች አለቁ። ኮሎኔሉም እዚያው ወደቀ።

ወሬው ሮም ሲደርስ ሕዝቡ ደነገጠ። አምስት ወር ሳይሞላ የራምሴስ ድንጋይ በተርሚኒ ፊት ለፊት ቆመ፣ አደባባዩም በሟቾቹ ስም ተሰየመ። ሐውልቱ ዛሬ ወዳለበት የአትክልት ስፍራ የተዛወረው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው። የአደባባዩ ስም ግን አልተለወጠም። በየቀኑ ሰው ሁሉ የሚረግጠው፣ በአውቶቡስ ሰሌዳ ላይ የሚያነበው ይህን ስም ነው።

ልጅዎ "እነዚህ ሰዎች ምን አደረጉ?" ብሎ ቢጠይቅዎ መልሱ ቀላል አይደለም። የሰው አገር ሊይዙ መጥተው ሞቱ ማለት ይቻላል፤ እውነት ነው። የሃያ ዓመት ልጆችም ነበሩባቸው፣ እናት ነበራቸው ማለትም ይቻላል፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱንም መንገር ልጅን አያደናግርም። ይልቁንም ስለ ጦርነት ልብ ሊለው የሚገባውን ነገር ያስተምረዋል። አንድ ነገር ደግሞ እንዲያስተውል ያድርጉ፤ በሐውልቱ ላይ የአንድ ወገን ሟቾች ስም ብቻ ነው ያለው። በዚያ ቀን ከአሉላ ወገን የወደቁት ስማቸው ሮም ላይም ሆነ ሌላ ቦታ ተዘርዝሮ አይነበብም።

አንበሳውና ዘርዓይ ደረስ

ከደጋሊ 50 ዓመት በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም. ፋሽስቶች በዚሁ ሐውልት ሥር አንድ ምርኮ አቆሙ። ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ነቅለው ወስደው ነበር። የያኔው መልእክት "ቂማችንን ተወጣን" የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ በአንድ የሰኔ ወር አንድ ወጣት ኤርትራዊ በዚያ ሲያልፍ አንበሳውን አየ። ስሙ ዘርዓይ ደረስ ነበር፤ የመጣውም ወደ ሮም ከተወሰዱት ሰዎች ጋር ነው። በአንበሳው ፊት ተንበርክኮ ጸለየ። ሊያስነሡት የመጡትን ሰዎች በያዘው ጎራዴ መታቸው። ተኩሰውበት ተያዘ።

ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የሰማነው ዘርዓይ ብዙ ፋሽስት ገድሎ እዚያው እንደ ወደቀ ነው። የጣሊያን መዛግብትን የመረመሩ የታሪክ ሰዎች የደረሱበት ግን ከዚህ ይለያል። ዘርዓይ ሰዎችን አቁስሎ በሕይወት ተይዟል። ለፍርድ ሳይቀርብ ሲሲሊ ደሴት ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተልኮ ለዓመታት ከቆየ በኋላ በ1937 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። ይህ ጀግንነቱን አያሳንሰውም። በሰው አገር፣ ያለ ዘመድ፣ "እብድ" ተብሎ ለዓመታት መኖር በአደባባይ ከመሞት ይቀላል የሚል ማን ነው? ለልጅዎ ይህኛውን ታሪክ ይንገሩት። በኋላ አድጎ ሲያነብ ቃልዎ እንዳይፈርስበት ይረዳል።

አንበሳው ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። አዲስ አበባ ለገሃር ሲያልፉ ያገኙታል።

ዛሬ በዚያ አካባቢ የሚገኙት

ተርሚኒ አካባቢ ሲዞሩ አማርኛና ትግርኛ ይሰማሉ። እንጀራ ቤቶች አሉ፣ የቡና ሽታም አልፎ አልፎ ያገኝዎታል። በየአግዳሚው የተቀመጡት ወጣቶች ግን ሁሉም ለጉብኝት የመጡ አይደሉም። በሰሐራና በሊቢያ በኩል ባሕር ተሻግረው የመጡ አሉባቸው።

ከአምስት መቶዎቹ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ፣ ማለትም "የነፃነት አደባባይ" ይገኛል። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. የኢጣሊያ ፖሊስ እዚያ አጠገብ ካለ ሕንፃ 800 ገደማ ሰዎችን አስወጣ። አብዛኞቹ የጥገኝነት ፈቃድ ያላቸው ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። መሄጃ ያጡት በአደባባዩ ሣር ላይ ማደር ጀመሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ ውሃ ተበተኑ። ምስሉ በዓለም ዙሪያ ታይቷል።

በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ነበር። ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፋበት ይህ ፓርክ ሲከፈት ከተነገሩት ተስፋዎች አንዱ ወጣቶች ሥራን በባሕር ማዶ ሳይሆን በአገራቸው እንዲያገኙ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲጀመር ሥራው ተቋረጠ፤ በስፌት መኪና ፊት ይቀመጡ የነበሩ ብዙ ወጣት ሴቶች ያለ ደመወዝ ቀሩ። ተርሚኒ ላይ አንድ ልጅ አይተው "ለምን መጣ?" ብለው ቢያስቡ፣ መልሱ ከሮም ይልቅ እኛ ዘንድ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለዚህ የጉብኝቱ ቀን ምሳ እዚያው ይሁን። ከእንጀራ ቤቶቹ አንዱ ገብተው ይብሉ። አጠገብዎ ለተቀመጠው ወጣት ሰላምታ ይስጡት፣ አገሩን ይጠይቁት። "እንዴት ሰነበትክ?" መባል የናፈቀው ሰው ሊሆን ይችላል። ፎቶ ግን ሳያስፈቅዱ አያንሡት። ቤተሰቡ ያለበትን ሁኔታ ገና ያልነገራቸው ሊኖር ይችላልና።

ባዶው ስፍራ

ከምሳ በኋላ ከተርሚኒ የምድር ውስጥ ባቡር ይሳፈሩ። "ቢ" የተባለው መስመር በሦስተኛው ፌርማታ ቺርኮ ማሲሞ ላይ ያወርድዎታል። ሲወጡ ከፊትዎ የሚያዩት ትልቅ ነጭ ሕንፃ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ ነው። መጀመሪያ የታቀደው ግን ለዚህ አልነበረም፤ ጣሊያን በአፍሪካ የያዘቻቸውን አገሮች ለሚያስተዳድር ሚኒስቴር ነበር። ከፊቱ ያለው አደባባይ ፖርታ ካፔና ይባላል።

እዚህ የሚያዩት ነገር አለመኖሩ ነው ቁም ነገሩ። ከ1930 እስከ 1996 ዓ.ም. የአክሱም ሐውልት የቆመው በዚህ ቦታ ነበር። 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ገደማ ክብደት ያለው ይህ ሐውልት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠራ ነው። ፋሽስቶች ሲያገኙት ወድቆ ተሰባብሮ ነበር። ቁራጮቹን በምጽዋ በኩል በመርከብ ወስደው እዚህ አቆሙት።

ከጦርነቱ በኋላ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን ቅርሶች በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ለመመለስ ተስማማች። ሐውልቱ አክሱም የደረሰው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ የተባለው 58 ዓመት ፈጀ። በመካከሉ በግንቦት 1994 ዓ.ም. መብረቅ መትቶት ነበር። በመጨረሻ በሦስት ተከፍሎ፣ በዓለም ላይ ካሉት ግዙፍ የጭነት አውሮፕላኖች አንዱ በሆነው አንቶኖቭ በሦስት ምልልስ ተጓጓዘ። እንደገና ቆሞ የተመረቀው ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ሚሊኒየማችን ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ነው።

ዛሬ በፖርታ ካፔና የመስከረም አንዱ ቀን እ.ኤ.አ. 2001 የኒው ዮርክ ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ቆመዋል። ስለ አክሱም የማያውቅ መንገደኛ አንዳች ነገር ተነሥቶ እንደ ነበር አይገምትም። እርስዎ ግን ለልጆችዎ ቦታውን ያሳዩአቸው። "እዚህ የነበረው አሁን ቤቱ ነው" ማለት የሚቻልበት ቦታ በዓለም ላይ ብዙ የለም። ከአፍሪካ ተወስደው በአውሮፓ ሙዚየሞች የቀሩት ቅርሶች ከተመለሱት እጅግ ይበዛሉ፤ ከመቅደላ የተወሰዱት የእኛዎቹም ገና ብዙዎቹ አልተመለሱም።

የአበበ የመጨረሻ ኪሎ ሜትር

ከፖርታ ካፔና ወደ ኮሎሲየም የሚወስደው መንገድ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ይባላል። በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከጉዞው ሁሉ ልጆች የሚወዱት ይህን ነው፤ ምክንያቱም መሮጥ ይቻላል።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእኛ አዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት፣ የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ማይክል አንጄሎ ከነደፈው ከካምፒዶልዮ አደባባይ ተነሣ። አበበ ቢቂላ 11 ቁጥር ለብሶ፣ በባዶ እግሩ ሮጠ። እስከ መጨረሻው አብሮት የነበረው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር። አበበና ስዊድናዊው አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው ሲያዩ የአክሱም ሐውልት ወደ መጨረሻው መቃረቢያ ላይ እንደሚገኝ አስተውለው ነበር። የሚያፈተልክበትን ምልክት እሱን አደረጉት። አበበ ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በችቦ ብርሃን 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር።

ምርኮ ሆኖ የቆመው ድንጋይ ለአበበ የመንገድ ምልክት ሆነለት። ልጆችዎን ከዓምዶቹ አጠገብ አስነሥተው እስከ ቅስቱ ድረስ ያሯሩጧቸው። ጫማቸውን ግን አያስወልቁ፤ የሮም ንጣፍ ድንጋይ በበጋ ያቃጥላል።

ሳይሄዱ የሚያስፈልግዎት

• ሐምሌና ነሐሴ ሮም በጣም ትሞቃለች። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ መስከረምና ጥቅምት ለሕፃናትና ለአረጋውያን ይሻላሉ።

• በየመንገዱ "ናዞኒ" የሚባሉ፣ ቧንቧቸው እንደ አፍንጫ የቆለመመ የውሃ ምንጮች አሉ። ውሃው ንጹሕ ነው፣ አይከፈልበትም። ኮዳ ይያዙ።

• ተርሚኒና የምድር ባቡሩ የኪስ አውላቂ አያጡም። ፓስፖርትዎን በውስጥ ኪስ፣ ቅጂውን በሻንጣ ያድርጉ።

• ቡና ቆመው ከጠጡ ዋጋው ይቀንሳል። ጠረጴዛ ይዘው ሲቀመጡ የመቀመጫም ሊጠየቁ ይችላሉ።

• ጣሊያን ወዳጅ ካለዎት "አምባራዳን" ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቁት። ትርምስ፣ ዝብርቅርቅ ማለት ነው ይልዎታል። ቃሉ ከመቐለ በስተደቡብ ካለችው ከአምባ አራዶም ስም የወጣ መሆኑን ግን ላያውቅ ይችላል። በየካቲት 1928 ዓ.ም. የራስ ሙሉጌታ ጦር በመርዝ ጋዝና በቦምብ የተደበደበው እዚያ ነው።

ሮም ባይሄዱም

ቪዛውና የአውሮፕላኑ ዋጋ ለብዙ ቤተሰብ የማይደረስ መሆኑን እናውቃለን። ደግነቱ የዚህ ታሪክ ግማሹ እዚህ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ልጆቻቸውን ለገሃር ወስደው አንበሳውን ያሳዩ፤ የት ኖሮ እንደ መጣም ይንገሩ። አክሱም የሚደርስ ሰው ከሮም የተመለሰውን ሐውልት ቀና ብሎ ሲያይ ፖርታ ካፔናን ያስብ።

መቐለ ለሚኖሩ ደግሞ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩትም ሆኑ ሌሎች፣ አንድ የዕረፍት ቀን ይበቃል። ከዐፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት ይጀምሩ። አሉላን የላኩት ንጉሥ ይህን ቤተ መንግሥት ሲያሠሩ ከሠራተኞቹ ቀዳሚው ጃኮሞ ናሬቲ የተባለ ጣሊያናዊ አናጺ ነበር። ለልጆች ይህን መንገር ይጠቅማል፤ ከአንድ አገር ወራሪም ባለሙያም ወዳጅም ይመጣል። ከዚያ ወደ እንዳ ኢየሱስ ይውጡ። ዛሬ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በሆነው ኮረብታ ላይ ጣሊያኖች ምሽግ ሠርተው ነበር። በጥር 1888 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ የውሃ ምንጫቸውን አስይዘው፣ ጥይት ከመተኮስ ይልቅ ጥም እንዲያስወጣቸው አደረጉ። ምሽጉን የለቀቁት ወታደሮች መሣሪያቸውን ይዘው በሰላም እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው። ከአንድ ወር በኋላ አድዋ ሆነ።

ኮረብታው ላይ ሲደርሱ የያዙትን ውሃ ያውጡና ለልጆቹ ይስጧቸው። እየጠጡ ሳሉ የጣይቱን ነገር ይንገሯቸው፤ አይረሱትም።